አምባዛ ወደ ጅረቱ ሲወጣ

ጋሽ ዲዳ ቦሩ ዓሣ አጥማጅ የሆኑት ወደው አይደለም። ዕድሜያቸውን ሁሉ ከብት ሲያረቡ የኖሩ የጉጂ ሰው ናቸው። ድርቁ በረታቸውን ባዶ ሲያስቀረው ግን፣ የገናሌ ወንዝ ተገድቦ ወደተፈጠረው ሐይቅ ወርደው መረብ ጣሉ። ዘመዶቻቸው «ዲዳ ከእንግዲህ ቁርጡሚ ሊበላ ነው!» እያሉ ሳቁባቸው። ከብት አርቢ ቁርጡሚ፣ ማለትም ዓሣ፣ ሲበላ አይተው አያውቁማ። እሳቸውም አብረው ሳቁ፤ ማጥመዱን ግን አልተዉም።

ከሁሉ የሚወዱት የመጋቢትን ዝናብ ነበር። በወደራ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር፣ ወደ ሐይቁ የሚገባው ጅረት ውሃው ሲቀላ፣ አምባዛ የሚባለው ዓሣ እየተግተለተለ ወደ ላይ ይወጣል። ያን ጊዜ ጓደኞቻቸውን ጠርተው የጅረቱን አፍ በመረብ ይዘጋሉ። አባታቸው ወንዝ ዳር ይህንኑ ሲያዩ «እንግዳ መጣ» ይሉ ነበርና እሳቸውም ዓሣው ከሌላ ውሃ የመጣ መንገደኛ ይመስላቸው ነበር። ካልያዙት ይሄዳል።

ውሎ አድሮ ግን ዓሣው እያነሰ መጣ። ሐሴት የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ነገሌ ተወልዳ ያደገች የዓሣ ሀብት ባለሙያ ናት።

«አካም ጋሼ፣ ናጋ ነው?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለቻቸው።

«ናጋ ነው ልጄ። ነይ።»

«ሌላ ቦታ ማጥመድ የሚከለከለው ሐምሌና ነሐሴ ነው» አለች። «እዚህ ግን ልክ አልመስል አለኝ። አንቱን ሳልጠይቅ ጊዜውን መወሰን አልፈለግሁም።»

«ሐምሌማ እዚህ አቧራ ነው» አሉና ስለ እንግዳው ዓሣ አጫወቷት።

ዝናቡ ሲጥል አብረው ወረዱ። ሐሴት ከመረቡ አንድ አምባዛ አንስታ ሆዱን በቢላ ከፈተችው። ውስጡ በደቃቅ ፍሬ ተሞልቷል።

«እንግዳ አይደለችም ጋሼ፣ የዚሁ ሐይቅ ናት። ሣሩ ላይ እንቁላሏን ልትጥል ነው የወጣችው።»

ጋሽ ዲዳ ፍሬውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። «እኔ እኮ ስብ ይመስለኝ ነበር» አሉ።

በማግስቱ አጥማጆቹን ጅረቱ አፍ ላይ ሰበሰቡ። «ያረገዘች ላም የሚያርድ ሰው ታውቃላችሁ? እኛ ስናርድ ኖረናል።»

ዱጋሳ የሚባለው አጥማጅ ተቆጣ። «እኛ ብንተወው ሌላው ይይዘዋል! ምን እንብላ?»

«ሐይቁን የዘጋባችሁ የለም» አለች ሐሴት። «ዓይኑ ሰፋ ባለ መረብ መሀሉ ላይ አጥምዱ። ጅረቱን ብቻ ተዉት።»

ጋሽ ዲዳ ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቁም። ውሃው ውስጥ ገብተው የራሳቸውን መረብ ይስቡ ጀመር። መረቡ በውሃ ከብዶ አስቸገራቸው። ዱጋሳ ጥቂት ቆሞ አያቸውና ጫማውን አውልቆ ሌላውን ጫፍ ያዘ።

ያ ዓመት ከባድ ነበር፤ ዱጋሳም ሲያማርር ከረመ። በሚቀጥለው ዝናብ ግን የሐይቁ ዳር በትንንሽ አምባዛ ተርመሰመሰ። እነዚያ ሲያድጉ መረቡ ይሞላ ጀመር፤ የነገሌ ምግብ ቤቶችም ዓሣ አጣን ማለት ተዉ።

አሁን ጅረቱ ላይ ማጥመድ የሚከለከልበትን ቀን የሚያስታውቁት ሰማዩን አይተው ጋሽ ዲዳ ናቸው። እንደገና የሚፈቀድበትን የምትወስነው ደግሞ የዓሣ ጫጩቶቹን እድገት ለክታ ሐሴት ናት። ዘንድሮ ከሐይቁ ማዶ ያሉ አጥማጆች ኑና አስተምሩን ብለው ልከውባቸው፣ ሁለቱም በአንድ ጀልባ ተሻግረዋል።