የእህቴ ፍንጭትና ሁለቱ ብሬሶች

ታናሽ እህቴና እኔ ጥርሳችንን ለማስተካከል ብሬስ ያስገባነው በአንድ ቀን፣ በአንዲት ሐኪም እጅ ነው። ዓይነቱ ግን የተለያየ ነበር። ብሬስ በየጥርሱ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ብረት ነው። በብረቶቹ ላይ ቀጭን ሽቦ ያልፋል፤ ጥርሱን ቀስ በቀስ የሚስበውም ሽቦው ነው። ልዩነቱ ሽቦው በሚያዝበት መንገድ ላይ ነው፦ የእህቴን የላስቲክ ቀለበቶች ይይዙታል፤ በእኔ ላይ ግን እያንዳንዱ ብረት የራሱ ተንሸራታች ክዳን አለው። ክዳን ያለውን የመረጥኩት ፈጣን ነው ሲባል ሰምቼ ነው። እህቴ የጠየቀችው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር።

«ላስቲኩ ሰማያዊ አለው?»

እኔ ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ነኝ፤ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ካየሁ ሳላወዳድር አላልፍም። ሐኪሟ ካለችበት ከባሕር ዳር፣ ከቀጠሯችን በተመለስን ቁጥር እህቴን መስኮት ዳር አስቀምጬ ጥርሷን በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ፤ እሷም የእኔን ታነሳለች። ከዚያ ለሁለታችንም ማርክ እሰጣለሁ።

«ኧረ እታለም፣ በአፌም ልትፈትኚኝ ነው?» ትለኛለች፣ አፏን እንደከፈተች።

ውድድሩ ደስ ይል ነበር። በቀጠሮ ቀን የእኔ ቶሎ ያልቃል፤ ሐኪሟ ክዳኖቹን ከፍታ፣ ሽቦውን ቀይራ ትዘጋለች። የእህቴ ላስቲክ አንድ በአንድ ነው የሚቀየረው። በዚያ ላይ ጾም ሲገባ የአልጫው እርድ ሰማያዊውን ላስቲክ አረንጓዴ አደረገው፤ እህቴም «ሁለት ቀለም በአንድ ዋጋ!» ብላ ሳቀች። በሕመሙ ግን እኩል ነበርን፤ ሽቦ በተቀየረ ማግስት ቆሎ ይቅርና ለስላሳ ዳቦም ያቅተናል። ፍጥነቱም ቢሆን ያን ያህል አልተለያየም። የእኔ ክራንቻ ወደ ረድፉ ሲገባ የእሷም ገባ።

ለበዓል አማኑኤል ከተማ፣ እናታችን ዘንድ ሄድን። እናታችን እህቴን ስማ ሳትጨርስ አገጯን ይዛ ቀና አደረገቻት።

«ፍንጭትሽን የት አደረስሽው?»

እህቴ ወደ መስታወት ሮጠች። በላይኞቹ የፊት ጥርሶቿ መካከል የነበረው ክፍተት፣ ከእናታችን የወረሰችው፣ ሰርገኛ ሁሉ የሚያደንቅላት ፍንጭት፣ ክር የሚያሳልፍ ቀዳዳ ብቻ ቀርቶታል። እኔ ፍንጭት የለኝም፤ «ፍንጭት የሌለው ሳቅ በር የሌለው ቤት ነው» እያለች ስታሾፍብኝ ነው ያደገችው። ስልኬን ከፍቼ ፎቶዎቹን በተራ አየሁ። በየወሩ ይጠባል። እኔም በየወሩ ማርክ ጨምሬላታለሁ።

«ደግሞ አሥር ከአሥር ሰጥተሽኛል!» አለች፤ እያለቀሰች ሳቀች።

«ሐኪሟስ እንዴት ዝም ብላ ደፈነችው?» አለች እናታችን።

ለካ ስለ ፍንጭቱ የነገራት ሰው የለም። ፍንጭት ይደፈናል ብሎ ማን ያስባል? እህቴ እናታችንን በግድ አስቃ ፎቶ አነሳቻት፤ ለቀጠሮውም ይዛው ሄደች።

ሐኪሟ ነገሩን ስትሰማ ጓንቷን አውልቃ ሳቀች።

«‹ያስተካክሉልን› ነው ያላችሁኝ! አሁን አሁን የሚመጡት ወጣቶች ‹ይዝጉልኝ› ነው የሚሉት።»

«ዶክተር፣ እኔ እኮ የተጣመመውን እንጂ ውበቴን ያስተካክሉልኝ አላልኩም» አለች እህቴ። «ይመለሳል?»

«ይመለሳል። ምን ያህል ይሁን?»

እህቴ የእናታችንን ሳቅ ከስልኳ አሳየቻት። «ይህን ያህል።»

እኔ ደግሞ አላስችል አለኝና የትኛው ብሬስ ፍንጭት ለመክፈት እንደሚሻል ጠየቅሁ። «ሁለቱም ይከፍታሉ፣ ሁለቱም ይዘጋሉ» አለችኝ። «ወሳኙ ጥርሱ የት ይሂድ የሚለው ነው።» ከዚያ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ገፍቶ የሚያራርቃቸው ትንሽ ስፕሪንግ አስገባች። በየቀጠሮው የእናታችን ፎቶ ያለበትን ስልክ ከእህቴ አፍ አጠገብ ይዛ «ትንሽ ይቀረዋል» ትላለች፤ እህቴ አፏን እንደከፈተች ትጠብቃለች።

ብሬሱ የወለቀ ዕለት፣ ወደ ማርቆስ የሚመለሰው ሚኒባስ ገና ሳይንቀሳቀስ እህቴ አማኑኤል ላለችው እናታችን ደወለች።

«እማዬ፣ ተመልሷል!»

«እውነትሽን ነው? እስኪ ሳቂና ልስማው» አለች እናታችን።

እህቴ ስልኩን አፏ ላይ አስጠግታ ሳቀች። ምን እንደተገኘ ያልገባው ተሳፋሪ ሁሉ አብሯት ሳቀ።