ታይፔ ውስጥ ለሁለት የተሰናዳ ራት

ባለቤቴ ብቻዋን ከአገር ስትወጣ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። የምትሠራበት የላብራቶሪ መሣሪያ አቅራቢ ድርጅት ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ወደ ታይፔ ላካት። እኔ ጋ ሲነጋ እሷ ጋ ይመሻል። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማችን ውስጥ፣ ወንዝ ማዶ አሌክሳንድሪያ ወደምሠራበት ሬዲዮ ጣቢያ ልወጣ ስል ፎቶ ላከችልኝ። «በሰላም ገባሁ። ራት እየበላሁ ነው» ይላል።

ፎቶው ጠባብ ምግብ ቤት ያሳያል። ከመስኮቱ ውጭ ዝናብ የመታቸው ስኩተሮች ተደርድረዋል። ጠረጴዛው ላይ እንፋሎቱ የሚነሣ የፓስታ ሾርባ አለ። ከሾርባው ማዶ ሁለተኛ ሳህን፣ ሁለተኛ ቾፕስቲክ፣ ሁለተኛ ስኒ። ስኒው ውስጥ ሻይ ተቀድቷል።

በሥራዬ ፎቶ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የማየው ጥግ ጥጉን ነው፤ መኻሉን ማንም ያየዋል። አጉልቼ ደጋግሜ አየሁት። ሰው የለም፤ ሻዩ ግን አለ።

ደወልኩላት። ዜና በማነብበት ድምፅ ነበር ያናገርኳት። ያ ድምፅ ቤታችን ውስጥ ሲሰማ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

«ከተማው እንዴት ነው?»

«ይሞቃል። ይዘንባል። ሰዉ ደግሞ ዝናቡን ከቁም ነገር አይቆጥረውም።»

«ከማን ጋር ነሽ?»

«ብቻዬን።»

«ሁለተኛው ሻይ የማን ነው?»

ሳቋ መጣ። «ጋዜጠኛው ተነሣ! ማይክ ስጡት!»

«ጠየቅኩሽ እኮ።»

«ያንተ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። በሩ ላይ አስተናጋጇ አንድ ጣቷን አንሥታ «አንድ ሰው?» ብላ ጠየቀቻት። ባለቤቴ አፈረችና ሁለት ጣት አሳየች። ብቻዋን ምግብ ቤት ገብታ በልታ አታውቅም። ባደገችበት ቤት ብቻውን የሚበላ ሰው ወይ ታሞ ነው ወይ አኩርፎ። እኔም መንገድ ተዘግቶብኝ ባመሸሁ ቁጥር ምግቡን ከድና ትጠብቀኛለች። «ብዪ እንጂ» እላታለሁ። አትበላም። እኔም የምላት እንድትበላ ብዬ አይደለም።

«ቁጭ ብዬ ጠበቅኩህ፣ እውነቴን ነው» አለችኝ። «አስተናጋጇም እየመጣች ከኔ ጋር በሩን ታያለች። የቀረብኝ ሰው ያለ መስሏት አዘነችልኝ። ሾርባው ሊቀዘቅዝ ሲል አንድ ቀመስኩ። ከዚያ…»

«ከዚያ ምን?»

«ከዚያ መጠበቄን ረሳሁት። አንተ ሰውዬ፣ ብቻ መብላት እንዲህ ደስ ይላል እንዴ? ማንም ጨምሪ አይለኝ፣ ማንም ጨው አነሰው አይለኝ!»

ሰው ቢሆን ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደተዋወቁ እጠይቅ ነበር። በባዶ ወንበር ቀንቶ ምን ይጠየቃል? ቅናቱ ግን ጭራሽ ባሰብኝ። ደስታውን አውቀዋለሁና። ለዘገባ በተላክሁባቸው ከተሞች የመጀመሪያው ምሽት የኔ ብቻ ነበር። ሻንጣዬን ሆቴል ጥዬ እወጣለሁ፤ ማንም በማያውቀኝ መንገድ ዳር ያገኘሁትን እበላለሁ። ቤት ስመለስ የማወራት ስለ ሥራው ነው፤ ያን ምሽት ለራሴ አስቀር ነበር። እሷ ደግሞ ሾርባዋን ሳትጨርስ ሁሉንም እየነገረችኝ ነው።

«ስማኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ትሬኒንጉ ዓርብ ያልቃል። ፍላይቴን ወደ ማክሰኞ ቼንጅ ባደርገውስ? ከተማውን ልየው።»

«ከማን ጋር?»

«ኧረ በእመቤቴ! ብቻዬን አልኩህ!»

«ሥራሽስ?»

«የዕረፍት ቀን አለኝ። የምጠይቀው አንተን ነው። እንዳይከፋህ ነው።»

«ረፍዶብኛል፤ ስደርስ እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁ።

ቀለበት መንገዱ፣ ቤልትዌይ ላይ እየነዳሁ እምቢ የምልበትን ምክንያት አዘጋጀሁ። አንደኛ፣ ብቻዋን ለሆነች ሴት ያሰጋል፤ ያነበብኩት ሁሉ ግን ከተማው ሰላም ነው ይላል። የትኬቱ ቅጣትም የሚያስጨንቅ አይደለም። እሁድ አስፐን ሂል የተጠራንበት ክርስትና አለ፤ እኔ ብቻዬን ብሄድ የሚቀየም የለም። እያጣራሁ ስጥል ስጥል፣ ዊልሰን ድልድይ ላይ ስደርስ አንድ ብቻ ቀረኝ፤ ደስ ብሏት ትለምደዋለች የሚለው። እሱ ደግሞ ለሚስት የሚነገር ምክንያት አይደለም። ብነግራት ትመጣለች፤ ዓርብ ማታ ሻንጣዋን ይዛ ትመጣለች። ከዚያ ወዲያ ግን ምግቡን ከድና ስትጠብቀኝ ሳያት ምን እንደሚሰማኝ አሰብኩ።

ጣቢያው ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬን አቁሜ ደወልኩ። ሆቴሏ ገብታ ነበር።

«ቆዪ» አልኳት። «እስከ ማክሰኞ።»

«ከልብህ ነው?»

«ከልቤ አይደለም። ግን ቆዪ።»

ረጅም ሳቅ ሳቀች። ከሳምንታት ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አልሰማሁም ነበር፤ እሱም ቆረቆረኝ።

«ቅዳሜ ማታ የት ነው የምትበዪው?»

«አልነግርህም» አለች።

ስትመለስ ኤርፖርት ስቀበላት ጠየቅኳት። ቤት ገብተን ራት ስንበላም ደገምኩት። ስለ ሥልጠናው ብዙ አወራችኝ። የቅዳሜውን ማታ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።