አጎቴና የሞርፊን ሕግ

አጎቴ ችሎት የሚወዱ የዳንግላ ሰው ነበሩ። የራሳቸው ክስ ሲያልቅ የሰው ክስ ሊያዳምጡ ይሄዳሉ። ጭናቸው ላይ ካንሰር ከተገኘ በኋላ ግን ሕመሙ ከቤት አላስወጣ አላቸው። ሲብስባቸው እኔ ወደማስተምርበት እንጅባራ አመጣኋቸውና ሆስፒታል ገባን።

ለቦታው አዲስ የነበረው ሐኪም መረመራቸውና፣ «ከእንግዲህ ተራ ማስታገሻ አይበቃዎትም። ሞርፊን አዝዤልዎታለሁ» አላቸው። መድኃኒት ቤቱ መስኮት ስንደርስ ግን ፋርማሲስቷ ወረቀቱን አይታ መለሰችልን።

«ይሄ በተራ ማዘዣ አይሰጥም። ለብቻው የተዘጋጀ ማዘዣ አለው። መጠኑም በአኃዝና በፊደል መጻፍ አለበት።»

እኔ ቱግ አልኩ። አጎቴ ክንዴን ያዝ አድርገው በከዘራቸው ወደ መስኮቱ ተጠጉ።

«ለምን ተብሎ ነው ልጄ?»

«ሱስ ሊሆን ይችላል፣ አባቴ። ተሰርቆም እንዳይሸጥ ነው።»

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሱሰኛ እመስላለሁ?»

«አይመስሉም። ሕጉ ግን መልክ አያይም።»

መልሷ ደስ አላቸው። ቢሆንም ዝም ብሎ መረታት አይሆንላቸውምና ይግባኝ አሉ። የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ ዘንድ ሄድን፤ እሱም ያንኑ አለ። ሜዲካል ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄድን፤ ያው ነው። አጎቴ በየቢሮው ወንበር ይሰጣቸውና በአዊኛ እያቃሰቱ በአማርኛ ይከራከራሉ።

በመጨረሻ ትቻቸው ሐኪሙን ፍለጋ ሮጥኩ። ለምሳ ሲወጣ በር ላይ ደረስኩበት። ይቅርታ ጠይቆ ተመለሰና በትክክለኛው ማዘዣ ጻፈልኝ። ስመለስ አጎቴ ፋርማሲስቷን አንቀጹን ካላነበብሽልኝ ብለው ይዘዋታል። መድኃኒቱን ስትሰጣቸው፣ «ይሄ ለእርስዎ ብቻ ነው፤ ለሌላ ሰው አይሰጥም» አለቻቸው።

ወደ ዳንግላ ስንመለስ ጠርሙሱን በኮታቸው ውስጥ አቅፈው፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገባቸው ለተቀመጠችው ሴት «በሕግ የሚጠበቅ ነው» እያሉ ሲያስረዱ መንገዱ አለቀ።

በሳምንቱ ልጠይቃቸው ስሄድ፣ ከእሳቸው ጋር በወሰን ሲካሰሱ የኖሩት ጎረቤታቸውም መጥተው ነበር። ስለ መድኃኒቱ ሰምተዋል። ወገባቸውን እያሹ፣ «እስቲ ለእኔም አንድ ማንኪያ» አሉ።

አጎቴ ከትራሳቸው ቀና አሉ።

«ማዘዣ አለህ?»

«የምን ማዘዣ?»

«በአኃዝና በፊደል የተጻፈ።»

«እኔን ያመመኝ ወገቤ ነው፤ ጽሕፈት ምን ያደርግልኛል?»

«እንግዲያው ጥያቄህ ውድቅ ነው። ቅር ካለህ ይግባኙ እንጅባራ ነው።»

ጎረቤትየው ሳቁ። አጎቴም ሳቁ፤ ሕመሙ ሳያቋርጣቸው ሲስቁ ካየሁ ቆይቼ ነበር። ከዚያ ስለ ዝናቡና ስለ ድንቹ ማውራት ጀመሩ። አጎቴ ወሬው ሳያልቅ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጎረቤትየው ጥቂት ተቀምጠው አዩአቸውና፣ ኮቴያቸው እንዳይቀሰቅሳቸው ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው ወጡ።