የማይሰማ ድምፅ

ቴፒ ካምፓስ ፊዚክስ ሳስተምር የተከራየኋት ክፍል ከጅማ የመጡ አንድ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ነበረች። ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። ሰው አክባሪ ናቸው፤ ክሪስታሏን እስካዩበት ቀን ድረስ ተጠራጥረውኝ አያውቁም።

ለሁለተኛ ዲግሪዬ የሠራሁባት፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ስስ ክሪስታል ናት። ገጿ ላይ በዓይን የማይለዩ የጭረት ረድፎች ተቀርጸውባታል። ድምፅ እንደ ውኃ ሞገድ በላይዋ ሲሮጥ ረድፎቹ አንዱን ይመልሱታል፣ ሌላውን ያሳልፉታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሬ ላይ ቆሜ አቧራዋን እፍ ስል ፀሐይ መታቻትና ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ብልጭ አለች። ሐጂ ከሱቅ ሲመለሱ አዩ።

«የወሎው ኦፓል ነው?» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አይደለም ሐጂ። ላዩ ላይ በተቀረጹ ጭረቶች ድምፅ የሚቆጣጠር ክሪስታል ነው።»

ጠርዟን ይዘው ወደ ጆሯቸው አስጠጓት። «ምንም አይሰማም።»

«የሰው ጆሮ የማይሰማው ቀጭን ድምፅ ነው።»

«ተቀረጸ ያልከውስ?»

«እሱም በዓይን አይታይም።»

ትክ ብለው አዩኝ። ሞባይላቸው ውስጥም የዚህ ዘመድ የሆነ፣ የሚፈለገውን ሞገድ ከማይፈለገው የሚያጣራ ነገር እንዳለ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ኔትወርኩ ለምን ይጠፋል?» ብለው ገቡ።

ካምፓሱ መለኪያ መሣሪያ ስላልነበረው በተግባር ላሳያቸው አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ክፍሌ የሚገባ የሚወጣውን ሰው ይቆጥሩ ጀመር። ጓደኛዬ ከማሻ መጥቶ እኔ ዘንድ ሲያድር፣ የድንጋዩ ገዢ መሆን አለመሆኑን ባለቤታቸውን ልከው አስጠየቁኝ። እኔም በተራዬ ጠረጠርኳቸው፤ ሻንጣዬ ከቦታው ፈቀቅ ያለ እየመሰለኝ ክሪስታሏን ኪሴ ከትቼ ማስተማር ያዝኩ።

በመጨረሻ ወርቅ ሠሪ ይዘው መጡ። እምቢ ብል ይብስብኝ ነበርና አወጣሁለት። ሰውዬው በአጉሊ መነጽር አገላብጦ ካየ በኋላ፣ «ኦፓል አይደለም። ምን እንደሆነ ግን አላውቅም» አለ።

እኔ እፎይ ስል ሐጂ ባሰባቸው። «አየህ፣ ስሙ ካልታወቀ ዋጋውም አይታወቅም» አሉት።

ወደ ሚዛን ካምፓስ ስዛወር ፍራሼን አይሱዙ ላይ አብረውኝ ጫኑ። ከዚያ እጄን ያዙኝ።

«እንግዲህ መሄድህ ነው መምህር። እውነቱን ንገረኝ፤ ከየት ነው የምታወጣው?»

«የነገርኩዎት እውነቱን ነው ሐጂ።»

መርቀው እጄን ለቀቁኝ። መኪናው ሊነሳ ሲል ግን ወደ ሹፌሩ መስኮት ጠጋ ብለው፣ የት እንደሚያወርደኝ ሲጠይቁት ሰማኋቸው።