የእናቴ የሕይወት ታሪክ፣ በቁሟ

እንግሊዝኛ በሚያነቡ ሰዎች ዘንድ ተሸላሚ ገጣሚ ነኝ። በእኛ ሰው ዘንድ ደግሞ ሰው ሲሞት የምጠራ ጸሐፊ ነኝ። ኦክላንድም ይሁን ሳን ሆዜ አንድ ሐበሻ ባረፈ ቁጥር፣ በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝ። ማን እንደሾመኝ አላውቅም። አንድ ጊዜ ለጎረቤት ጻፍኩ፣ በዚያው ቀረሁ።

ስልኩ የሚደወለው ሁልጊዜ ቀብሩ ነገ ሲሆን ነው።

«እህቴ፣ አጭር ነገር ናት፣ ላንቺ ምን አላት! ፎቷቸውን ቴክስት አደርግልሻለሁ።»

ስለ ሟቹ ስጠይቅ «ደግ ነበሩ፣ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ» ይሉኛል። ሌላስ ስል «ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ።» እስካሁን የቀበርናቸው ሁሉ እንግዳ ተቀባይ ከነበሩ፣ እኔ ደወል ተጭኜ ደጅ ቆሜ የቀረሁት ማን ቤት ነበር? አንዴ ተናድጄ እውነቱን ጻፍኩ። ሟቹ ሃያ ዓመት ታክሲ ሲነዱ መንገድ የዘጋባቸውን ሁሉ በአማርኛ ይሰድቡ እንደነበር፣ ስድባቸውም ለዛ እንደነበረው ጻፍኩ። ወንድማቸው ወረቀቱን ተቀብለው አዩና በእስክሪብቶ ሰርዘው «እንግዳ ተቀባይ» ብለው ጻፉበት።

ሽልማቱን ሳገኝ ይቀርልኛል ብዬ ነበር። ባሰ። «ተሸላሚዋ ትጻፍልን» ይባል ጀመር።

የሽልማቱ ዕለት እናቴ ከሳን ሆዜ መጥታ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ነበር። ያነበብኩት ስለ አባቴ ቀብር የጻፍኩትን ግጥም ነው። መሃል ላይ ድምፄ ተሰበረ። ቆምኩ፣ አለቀስኩ፣ አንድ ሰው ውሃ አቀበለኝ፣ አዳራሹ አጨበጨበ። በኋላም እየመጡ አቀፉኝ። መኪና ውስጥ ስንገባ እናቴ ቀበቶዋን አሰረች።

«አንቺ ካለቀስሽ ሰዉ ምን ሊሠራ መጣ?» አለችኝ።

በሕይወቴ ትልቁ ቀን ነበር። እንኳን ደስ አለሽ እንኳ በቅጡ አላለችኝም። ለብዙ ሳምንት አኮረፍኳት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሐኪሟ የልቧ ቫልቭ መቀየር አለበት አላት። በዚያው ቀን ደወለችልኝ።

«የኔንም የሕይወት ታሪክ ጻፊልኝ።»

«እማዬ፣ ምን ዓይነት ሟርት ነው!»

«ሟርት አይደለም። ሞቼ ብትሳሳቺ ማን ያርምሻል?»

ከእናቴ ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው አላውቅም፤ ጻፍኩ። የሷ እንኳ እንደሌሎቹ እንዳይሆን ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ለፋሁበት። ፕሌዘንተን ከተማ ቢሮ ስታጸዳ፣ ሠራተኞቹ የጣሏቸውን የደረቁ አበቦች ከነማሰሮአቸው በአውቶቡስ ወደ ቤት እያመጣች ነፍስ ትዘራባቸው እንደነበር ጻፍኩ። ልጅ ሆኜ መስኮታችን በሌላ ሰው አበባ ተሞልቶ ነበር። ቅዳሜ በዚያ የማያልቅ ትራፊክ ተቀቅዬ ሳን ሆዜ ደረስኩና ሳሎኗ ውስጥ አነበብኩላት። አበባው ጋ ስደርስ እንባዬ መጣና አቋረጥኩ።

«አበባውን አውጪው» አለች። «ሌባ ልታደርጊኝ ነው?»

«የተጣለ እኮ ነው ያነሳሽው!»

«አውጪው። እንግዳ ተቀባይ የሚለውስ የታለ?»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ስንት ዓመት የሸሸሁት ቃል በገዛ እናቴ ቤት ጠበቀኝ። አስገባሁት።

«በይ ከመጀመሪያው አንብቢ። ጮክ ብለሽ። ዳዊት እንደሚደግም ሰው አታጉተምትሚ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ «እንግዳ ተቀባይ» ይውጣ አለች። በሦስተኛው ይመለስ አለች። አንዴ የተወለደችበት ሰፈር ይቅደም፣ አንዴ የክርስትና አባቷ ይቅደሙ። አንዲት ቃል በነካሁ ቁጥር «ከመጀመሪያው» ነው። ብዙ አርታኢ አይቻለሁ፣ እንዲህ ሰው የሚያቃጥል አላየሁም።

የልብ ቀዶ ጥገናዋ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ስድስተኛው ቅዳሜ ላይ ፈነዳሁ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት።

«በቃኝ፣ እማዬ! የምትፈልጊውን አታውቂም! ለምን ራስሽ አትጽፊውም?»

እናቴ አልተቆጣችም። ወረቀቶቹን ሰብስባ ጠርዛቸውን አስተካከለች።

«ጽሑፉ እኮ ድሮም ደህና ነበር» አለች።

«ታዲያ ለምን ታመላልሺኛለሽ?»

«የምታነቢው አንቺ ነሻ። የእድሩ ኮሚቴ እንዲያነበው አልፈልግም፣ የሰው ስም ያበላሻሉ። ያን ቀን እንደ ሽልማቱ ቀን ብትሆኚብኝስ? ውሃ የማቀብልሽ እኔ አልኖርም። ከአሁኑ ልመጂው ብዬ ነው።»

ለካ ያን ዕለት ውሃውን ያቀበለችኝ እሷ ነበረች። ከእንባዬ የተነሳ እጁ የማን እንደሆነ አላየሁም፣ በኋላም አልጠየቅኩም።

ወረቀቱን መልሳ ሰጠችኝ። ቆሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ድምፄ አልተሰበረም። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ስታዳምጥ ቆይታ ራሷን ነቀነቀች።

«ጎበዝ። አሁን አበባውን መልሺና እንደገና።»

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለፈ። እናቴ አገግማ ትንሽ ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ ይቀርልኛል ብዬ ነበር፣ እሷ ግን ቅዳሜን አልተወችም። አሁንም በዚያ ትራፊክ እሄዳለሁ፣ አሁንም ሳሎኗ መሃል አቁማ ታስነብበኛለች፣ አሁንም አበባው ጋ ስደርስ እሰናከልና «ከመጀመሪያው» ትለኛለች። እስካሁን አላለፍኩትም። እውነቱን ለመናገር፣ ለማለፍም አልቸኩልም።