ቅቤ የጠጣችው ሞተር ብስክሌት

ጣሊያን ቡታጅራ ሊገባ ነው ሲባል ሰው ከብቱንና እህሉን ሲያሸሽ፣ ባለቤቴ የጨነቀው ለሞተር ብስክሌቱ ነበር። ከጦርነቱ በፊት በርበሬ ነግዶ አዲስ አበባ የገዛት ናት። የመስቃንን ዶሮ ሁሉ በትናለች።

የምትደበቅበትን ቦታ የወሰኑት አማቴ ናቸው። "መሬት የሚገባ ነገር እንደ ቆጮ ነው የሚቀመጠው" አሉ። ጓሯችን ውስጥ ባዶ የቆጮ ጉድጓድ ነበር። ብረቷ ሁሉ ቅቤ ተቀባ። አማቴ ግን ላይ ላዩን መቀባት አላረካቸውም፤ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ አስፈትተው ኮሰረት የገባበት ንጥር ቅቤ በቀዳዳው አንቆረቆሩ። ከዚያ በኮባ ጠቅልለን ቀበርናት።

ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን አንድ ጎረቤት ጠላ ላይ አፉ አመለጠውና ከጣሊያኑ ሹም ትእዛዝ መጣ። ትውጣ፤ የምትሠራ ከሆነች ለመንግሥት፣ የሞተች ከሆነች ለባለቤቷ። አስቀድሞ የሚያያትም መካኒክ ተላከ፤ ከአስመራ የመጣ አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደረ ያገር ሰው ወታደር።

"ሞታለች፣ ወንድሜ፤ ከሞተች ቆየች" ይላል ባለቤቴ፣ ከጉድጓዱ ካወጣናት በኋላ ኮባውን እየገለጠ። አንድ ጊዜም ዓይኑን በጋቢው ጠረገ።

መካኒኩ የማስነሻውን ፔዳል ረገጠ። እግሩ እስከ ታች ወረደ። "ትንፋሽ የላትም" አለ። "ጤነኛ ሞተር ሲረግጡት እምቢ ይላል። ይቺ እሺ እሺ ትላለች።" ካንዴላውን ፈታና ቀዳዳውን አሸተተ። "ክትፎ ነው እንዴ ያሠራችኋት? የገደላት ቅቤ ነው።"

አማቴ ከበር ላይ ሰሙ። "ምን አልክ አንተ?"

"ቅቤው፣ አደየ። ደርቆ ፋሻዋን አጣብቋል። ፋሻ ማለት ፒስቶኑን የከበበው ቀለበት ነው፤ ትንፋሽ የሚይዘው እሱ ነው።"

"የኔ ቅቤ ስንት አራስ አስነሥቷል። ብረት ገደለ ትለኛለህ?"

"ምናልባት ቫልቮላዋ፣ የትንፋሽ መግቢያና መውጫ ክዳኗ ይሆናል" አለ ለማለሳለስ። "ትንሽ ዘይት ቢኖረኝ እለየው ነበር። ዘይት ገብቶ ትንፋሿ ከተመለሰ ሕመሟ ፋሻው ነው፤ ካልተመለሰ ቫልቮላው።" ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። በኋላ አርጅቼ ተምሬ ስለ ሞተር ሳነብ፣ ሰውዬው አንድም ቃል እንዳልተሳሳተ አረጋግጫለሁ።

ንግግሩን ሳይጨርስ አማቴ ገብተው ቅቤ አቅልጠው ተመለሱ። "ዘይት የለንም። ይሄ አለ።"

"እማዬ፣ ተይው" አለ ባለቤቴ።

"ዝም በል።"

ቅቤው ገባ፤ ካንዴላው ታሰረ። መካኒኩ ሲረግጥ ፔዳሉ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ሙሉ ክብደቱን ቢጥልበት መልሶ ወደ ላይ ወረወረውና ኮባው ላይ ዘፍ አለ።

"አየህ" አሉ አማቴ።

ባለቤቴ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። "ወሰዱብኝ እኮ፣ እማዬ።"

መካኒኩ ልብሱን እያራገፈ ተነሣ። "ብትወሰድ የምጠግናት እኔ ነኝ" አለ፤ "እኔ ደግሞ የቆመ ካሚዮን ሞልቶኛል። ቅቤው እስከ ነገ ወደ ታች ይወርዳል፤ ትንፋሿም አብሮት። ጠዋት ወደ ሹሙ ግቢ ግፋትና ራሱ ይርገጣት። ብቻ ዳግመኛ እንዳትጠጣ።" ይህን ያለው አማቴን እያየ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አማቴ በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ የቅቤ ማሰሮ አስያዙኝ። "ፈረንጅ ፊት ቅቤዬ ሲታማ ዝም አልልም" አሉ። በእኛ ቤት ምራት አማቷን እምቢ አትልም። ቀስ ብላ እንዳትሄድ ግን የከለከላት የለም። ባለቤቴ እየገፋ ቀደመ። እኔ የማሰሮውን ጨርቅ ገልጬ ከዘቢዳር ተራራ ለሚወርደው ብርድ ሰጠሁትና እግሬን እየቆጠብኩ ተከተልኩ።

"አንቺ ልጅ፣ እግርሽን ምን ነካው?"

"እንዳይፈስ ብዬ ነው፣ እማማ።"

ግቢው ስንደርስ ጣታቸውን ማሰሮው ውስጥ ሰደዱ። ጣታቸው አልሰምጥ አለ። "ረግቷል" አሉ።

"ብርዱ ነው፣ እማማ።"

አማቴ ገና እኔን እያዩ ሳለ ሹሙ በሚያብረቀርቅ ቦቲው ፔዳሉን ረገጠ። እግሩ ያለ ከልካይ ወርዶ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። በቋንቋው አንድ ነገር ተናግሮ እጁን አወናጨፈ። መካኒኩ ተረጎመ፦ "ውሰዳት፣ ለዶሮ ማደሪያ ትሁንህ ይላል።"

ባለቤቴ አንገቱን ደፍቶ እስከ በሩ ገፋት። ከበሩ እንደወጣን ቆመ። ጆሮው ቀልቷል።

"የዶሮ ማደሪያ? ወልቂጤ ደርሼ የተመለስኩባት? ፋሻ ብቻ ነው የጎደላት። ሄጄ እነግረዋለሁ።"

"ይንገሩት" አልኩ። "መጀመሪያ ግን ቤት እናድርሳት።"

ዞሮ በሩን አየ። ዘበኛው እኛን እያየ ነበር። አማቴ ማሰሯቸውን ከእጄ ተቀብለው በብብታቸው ሸጎጡና በአንድ እጃቸው ኮርቻዋን ከኋላ ያዙ።

"ግፋ" አሉት።