ኮዱ የሚመጣው በእሷ ቁጥር ነው

ልብስ ሰፊዋ ስልክ የገዛችው የሰፋቻቸውን ቀሚሶች ፎቶ እያነሳች ለደንበኞቿ ለመላክ ነበር። አሮጌው ስልኳ ነጩን ግራጫ፣ ሐምራዊውን ጥቁር እያደረገ ሲያስወቅሳት ከርሞ፣ ከገበያው መግቢያ ካለች ሱቅ ያገለገለ ግን ደህና ስልክ ገዛች። ቤት ስትገባ የባሏ ወንድም፣ ሳይጠየቅ መምከር የሚወድ ሰው፣ «የሰው ጣጣ ይዘሽ አትዙሪ፤ ሁሉንም አጥፍተሽ እንደ አዲስ አስጀምሪው» አላት። እንደተባለችው አደረገች። ስልኩ ጠፍቶ በራና፣ «ቀድሞ በዚህ ስልክ ላይ የነበረውን አካውንት ያስገቡ» ብሎ ድርቅ አለ። የራሷን አስገባች፤ እምቢ። የባሏን አስገባች፤ እምቢ። መካሪው ወዲያው ቀጠሮ ትዝ አለውና ውልቅ አለ።

በማግስቱ ሱቁ ሄደች።

«የሸጥኩልሽ የሚሠራ ስልክ ነው፤ የዘጋሽው ራስሽ ነሽ» አላት ሻጩ።

«እንግዲያው ለአንተ የሸጠልህን ሰው ጥራልኝ።»

«ከየት አባቴ ላምጣው?»

እሷም በርጩማ ስባ በሩ ላይ ተቀመጠችና ለመጣው ሁሉ፣ «ወንድሜ፣ ከመግዛትህ በፊት የማን እንደነበር ጠይቅ» ትል ጀመር። ገዢዎች ከደጅ ሲመለሱበት ጊዜ ሻጩ ላብ በላብ ሆኖ ቁጥር አወጣ። ለካ የስልኩ የቀድሞ ባለቤት ሻጩ በደንብ የሚያውቃቸው የአውቶቡስ ሹፌር ኖረዋል።

ሹፌሩን አውቶቡስ መነሻው ላይ አገኘቻቸው። ጨዋ፣ ይቅርታ የሚያበዙ ጎልማሳ ናቸው። ኢሜይላቸውን አስታወሱ። የይለፍ ቃሉን ግን፣

«እንጃ፣ የከፈተችልኝ ባለቤቴ ነበረች።»

«ታዲያ ይደውሉላታ፣ ጋሼ!»

«ተፋተናል።»

ሌላው መንገድ በስልክ ቁጥር የሚላክ ኮድ ነበር። ቁጥሩም ያለው እዚያው፣ የቀድሞ ሚስታቸው እጅ ነው። ሹፌሩ መሬት መሬቱን ሲያዩ፣ ልብስ ሰፊዋ በአሮጌው ስልኳ ራሷ ደወለች።

«እትዬ፣ አያውቁኝም። የድሮ ባለቤትዎን ስልክ የገዛሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። አሁን የሚደርስዎትን ኮድ እባክዎ ያንብቡልኝ።»

«ደርሶኛል» አሉ ሴትየዋ። «ግን ራሱ ይጠይቀኝ። አጠገብሽ ነው፤ ጉሮሮውን ሲጠርግ ይሰማኛል።»

ሹፌሩ ስልኩን ተቀበሉ። «እንደምን ነሽ?»

«እናቴ ስትታመም ያልደወልክ ሰውዬ፣ ዛሬ ለስልክ ደወልክ?»

«ፈርቼ ነው።»

«ፈርቼ ይላል ደግሞ!»

ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው ኮዱ ሲነበብ፣ ጊዜው አልፎበታል። ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ከእጃቸው መነጨቀች።

«ስሙኝ! ስትጋቡም ስትፋቱም አልነበርኩም። ቀሚሷን የምትጠብቅ ሙሽራ አለችብኝ። መጀመሪያ ቁጥሩን፣ ከዚያ እንደፈለጋችሁ ተጣሉ!»

ሌላ ኮድ አስላከች። አዲሱን ኮድ ሴትየዋ አንድ በአንድ፣ በቀስታ አነበቡ። ተከፈተ። ሹፌሩ አካውንታቸውን ከስልኩ አጠፉ፣ አሁንም ይቅርታ ጠየቁ፣ ተሳፋሪ እየጮኸባቸው ወደ መሪያቸው ሮጡ።

በነጋታው ቀሚሱን ፎቶ ስታነሳ ስልኩ ጠራ። ሴትየዋ ናቸው። ስለ ጨርቅ ጠየቁ፣ ስለ ዚፕ ጠየቁ። በመጨረሻ፣

«ከስቷል እንዴ?»

«እትዬ፣ ቁጥራቸውን ልላክልዎ፤ ራስዎ ይጠይቋቸው!»

ላከችላቸው። ይደውሉ አይደውሉ አላወቀችም፤ ለማወቅም ፋታ አላገኘችም። ሙሽራዋ ወገቡ ጠበበኝ ብላ በሩ ላይ ቆማለች።